ሃምሳ ኪሎ ገብስ በጠፍር አልጋ ላይ

ሚያዝያ 20
ጓዳ ያለውን የጠፍር አልጋ ለሠናይት ለቀቅኩላት። የልጄ ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዋን ልትጨርስ ነው። ሃምሳ ኪሎ ገብስ መካከሉ ላይ አስቀመጠች። «እማማ፣ ጠዋት ጠዋት ስንት እንደረገበ በማስመሪያ ይለኩልኝ። ከእርስዎ ሌላ የማምነው ሰው የለም።» ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ላስተማረ ሰው ይህ ሥራ ነው? ... ደስ ግን ብሎኛል።

ሚያዝያ 24
ነገሩን አስረዳችኝ። ጠፍር ጭነት ሲያርፍበት ወዲያው ይረግባል፤ ከዚያም ቀስ እያለ፣ ቀን በቀን፣ መርገቡን አይተውም። እሷ በኮምፒውተር የምትነሳው በዓይን ከማይታዩት የቆዳው ክሮች ነው። ከክሩ ወደ ጠፍሩ፣ ከጠፍሩ ወደ አልጋው ታሰላለች። አልጋው በአርባኛው ቀን የት እንደሚደርስ ዛሬ ልትናገር። ይቻላል? እስካሁን ስሌቷና ማስመሪያዬ እኩል ናቸው። ሃያ ሦስት ሚሊሜትር።

ሚያዝያ 30
ነገ ልደታ። ቤቱን ከጓዳ እስከ ደጅ አጸዳሁ። ጆንያውን ሳልነካ ጠፍሩንም እንዳይሰነጠቅ እንደ ወትሮው ቅቤ አስነካሁት። ደከመኝ። ሃያ አምስት።

ግንቦት 9
ሠላሳ አራት። ኮምፒውተሩ ሃያ ሰባት ይላል። ሠናይት ምሳ አልበላችም።
«ልኬቱ ትክክል ነው፣ እማማ?»
«እኔን ነው የምትጠይቂው?» አልኳት፤ ቆጣ ብዬ።

ግንቦት 13
አማካሪዋ መምህር መልካሙ «አልጋውን ተይው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ የሞከርሻቸውን ትንንሽ ጠፍሮች ብቻ አቅርቢ» ብለዋታል። አልጋው ከጥናቷ ከወጣ ግማሽ ሥራዋ ወጣ። የሁለት ዓመት ድካም ... ፈታኞች ፊት የምትቀርበው ሰኔ 10 ነው።

ግንቦት 14
የመጀመሪያዎቹን ልኬቶች ላመሳክር ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሚያዝያ 30። በገዛ እጄ ጽሑፍ። ቅቤ!
ቅቤ የጠጣ ቆዳ ይለሰልሳል። ይህን የማያውቅ ማን አለ? እኔስ ምን ነካኝ?
አልነገርኳትም። ነገ።

ግንቦት 15
ነገርኳት። ቆሜ፣ ደብተሩን ከፍቼ። መጀመሪያ ፊቷ ተለዋወጠ። «ፕሮግራሙን ስንት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት፣ እማማ!» እውነቷን ነው። ከዚያ ሳቀች፤ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «አልጋውን ለልደታ ቀቡት? በሉ እኔንም ይቀቡኝና ልረፍ!»
ዓይኗን ጠርጋ እስክሪብቶ አነሣች። «ስንት ማንኪያ ነው?»
ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ለጋ።

ግንቦት 21
ከዚያው ቆዳ የተቆረጡ ጠፍሮችን ቅቤ ቀብታ ላቦራቶሪ ውስጥ ጭነት አንጠለጠለችባቸው። ውጤቱን ለኮምፒውተሩ ሰጠችው። አሁን ካለፉት ልኬቶቼ ጋር ይገጥማል። መምህር መልካሙ ግን «ያለፈውን ማስታረቅ ቀላል ነው፤ ያልመጣውን ንገሪኝ» አሉ። እኔም ብሆን ይህንኑ እል ነበር። ግንቦት 29 ላይ አርባ አንድ ይሆናል ብላ፣ ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠቻቸው። ባይሆንስ? አልጋው ይወጣል።

ግንቦት 29
ጎረቤቴን የሺን ጠራሁና ማስመሪያውን ሰጠኋት።
«ምነው እትዬ ዝናሽ፣ ዓይንዎን አመመዎት?»
«ዓይኔ ደህና ነው። እንዲሆን የምፈልገው ቁጥር ስላለ ነው።»
ተንበርክካ አየች። «አርባ ... አርባ አንድ። ጥቂት ያልፋል።»
«ጥቂት ስንት ነው?»
«ኧረ እርስዎስ! የጸጉር ያህል!»
አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ሠናይት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ሰኔ 3
መምህር መልካሙ ተቀብለውታል፤ አልጋው ሙሉ ምዕራፍ ሆኖ ገባ። አነበብኩት። ስለ ቅቤው «የቤቱ ባለቤት ባደረጉት ጥንቃቄ ምክንያት» ይላል። ጥንቃቄ?
«ስህተት በይ። ስምም ጻፊ።»
«እማማ፣ ፈታኞቹ ያነቡታል እኮ።»
«ያንብቡት።»
ጻፈች። «በወይዘሮ ዝናሽ ካሳሁን ስህተት።» ቀኑን ትታው ነበር። አስጨመርኳት።