እትዬ አስቻለች አኩሪ አተራቸውን ሲያስተኙ

ዮአብዬ፣

ፖስት ካርዷ ጠባብ ስለሆነች አዲስ አበባን ሁሉ አልነግርህም፤ አንድ ነገር ብቻ ስማ። ያረፍኩት ካዛንቺስ፣ አክስቴ እትዬ አስቻለች ቤት ነው። ከፓዌ የላክንላቸውን አኩሪ አተር ለጾም ወተት ይሆነኛል ብለው በረንዳ ላይ በባልዲ ዘርተውታል። ቁመቱ ደረቴ ደርሷል፣ አበባ ግን የለም! ለካ አዲሱ የመንገድ መብራት ሌሊቱን ሙሉ ስለሚያበራበት ምስኪኑ መሽቶለት አያውቅም። እኛ ጋ ፀሐይ ስትጠልቅ ድቅድቅ ይላል፣ እሱም በጊዜው ያብባል።

"እትዬ፣ ረጅም ጨለማ ካላገኘ አያብብም፤ ማታ ማታ ይሸፍኑት" አልኳቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ከዚያ ወዲህ አስራ ሁለት ሰዓት ሲል የመኝታ ቤቴ ጥቁር መጋረጃ ተነቅሎ እሱ ላይ ይደረባል። እራት ላይ ባስል "ቀስ በል፣ ተኝቷል እኮ!" ብለው ተቆጡኝ።

"እትዬ፣ ጨለማ እንጂ ዝምታ መቼ አልኩ?"

"አንተስ በጫጫታ ትተኛ ነበር?"

ጎረቤቶች ጠዋት ጠዋት በሹክሹክታ "እንዴት አደረ?" ይላሉ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዛሬ በመጨረሻ ሐምራዊ አበባ አወጣ። እልልታው ላንቻ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እትዬ ግን "ፍሬ እስኪቋጥር ጨለማው አይቋረጥም" ብለዋል፤ ስለዚህ መብራቱ እኔ ላይ እየበራ ነው የማድረው።

ቦታው አለቀ። ልጆችህን ሳምልኝ። እማዬ "መቼ ነው የሚያገባው?" ካለችህ፣ ገና አልመሸለትም በላት።

ታዲዎስ