ያለ ሰልፍ የመጣ ስኳር

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 17 ቀን 1980 ዓ.ም.

ይድረስ ናቅፋ ግንባር ላለኸው ለወንድሜ ለሰላሁዲን። አንተ ረጅም፣ ሰላምታዬ ከጣና ዓሣ በዝቶ ይድረስህ! እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዛሬ ጉድ አየሁ። እማን ከስኳር ሰልፍ ሲያባርር የኖረው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሁለት ኪሎ ስኳር ራሱ ተሸክሞ መጣና «እናቴ፣ እርስዎ ከእንግዲህ አይሰለፉ» አላት። አንቱ ሲላት ሳቄ አመለጠኝ። እማ ግን አልሳቀችም። አጎታችን ኑርሑሴን ኦጋዴን የቀረ ጊዜም ስኳሩ ቀድሞ፣ ሽማግሌዎቹ በማግሥቱ ማለዳ እንደመጡ ስንቴ ነግራናለች።

ስኳሩን እኔ ሌባዋ እንኳ አልነካሁትም። የግቢውን ቁልፍ ግን ደብቄዋለሁ፤ ነገ ማለዳ ማንም ቢያንኳኳ ጠፋ እላለሁ። አንተ ከመጣህ እንደ ልማድህ አጥሩን ዝለል።

አላህ በሰላም ያስገባህ።
አናዳጅህ እህትህ ጀሊላ