ሦስት ሽማግሌ ላቆመው ኢንተርኔት

ለክቡር የ«ቆላ ኔት» የቤት ኢንተርኔት አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎ፣ በቢሮዎ ግድግዳ ላይ ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመው የአየር ማቀዝቀዣዎ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ወይ? እኛ በገንዳ ውሃ ያለነው ደንበኞችዎ ለጤናዎ አጥብቀን እንጸልያለን፤ እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ስለ መስመራችን አቤት የምንልበት ሰው እናጣለንና። እስካሁንም ያገኘነው የለም፤ ቢሆንም ተስፋ ማድረግ ነውር አይደለም።

ይህን ደብዳቤ በመጽሔት ለማውጣት የደፈርኩት በእጄ ይዤው በመጣሁ ጊዜ ዘበኛዎ፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ በትሕትና ወንበር ስበውልኝ አቤቱታ የሚቀበሉት በኢንተርኔት ብቻ እንደሆነ ስለነገሩኝ ነው። ኢንተርኔት የለንም የሚለውን አቤቱታ በኢንተርኔት እንድንልክ ያሰበ ጭንቅላት እንዲህ ባለ ትንሽ ከተማ መቀመጡ ያሳዝነኛል።

ነገሩ የጎረቤቴ የወይዘሮ ትርሐስ ነው። ወይዘሮ ትርሐስ በገበያው ዳር የትራክተር መለዋወጫ ይሸጣሉ፤ ቺንጋውንም ኩሽኔታውንም በእጃቸው ዳስሰው ስንት ክረምት እንደሠራ የሚናገሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው አቶ ደሴ ከድንበሩ ማዶ፣ በገዳሪፍ በኩል፣ በአንድ ትልቅ እርሻ ላይ መካኒክ ናቸው፤ መንገዱ ከተዘጋ፣ ወረቀታቸውም ከተጓተተ ወዲህ ይኸው ሁለት ዓመት ቤታቸውን አልረገጡም። ልጃቸው ሠላማዊት የሒሳብ መምህርት ናት። የእናንተን መስመር ያስገባችው የአባቷን ፊት በሳምንት አንድ ጊዜ ለማየት ነበር። ማስታወቂያችሁ ሩቁን ቅርብ እናደርጋለን ይላል፤ ልጅቷም አመነች። ወጣት ናት፤ ይፍረዱላት።

ሠላማዊትን የሚፈልጋት ዋኘው የሚባል የሳንጃ የእንስሳት ሐኪም ነው። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻዬን አልደብቀውም፤ አንዲት ፍየል እንኳ በሌለችበት ግቢ ዓመት ሙሉ «ለክትባት» ሲመላለስ አይተነዋል። በመጨረሻ እንደ ሰው ልጅ ሽማግሌ ላከ። አቶ ደሴም፣ ሦስት ቀን ፈጅቶ በደረሰ የድምፅ መልእክት፣ መልሱን የምሰጠው ራሴ፣ ሽማግሌዎቹን ዐይን ለዐይን እያየሁ ነው አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ልጅ እንደ ጎማ በሰው በሰው አይሰጥም። ድንበር የሚያሻግረው ተራ ስልክም ከተቋረጠ ሰንብቷል። እንዲህ ሆኖ የአንዲት ልጅ ትዳር በእናንተ መስመር ላይ ተንጠለጠለ።

ክቡርነትዎ ከሩቅ ስለመጡ ወጉን ካላወቁት ልንገርዎ። በእኛ ዘንድ ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ እሺታውን እስኪሰማ አይቀመጥም። ወንበር ቢቀርብለትም፣ ጉልበቱ ቢንቀጠቀጥም፣ ቆሞ ይጠይቃል፤ ቆሞ ይጠብቃል። ቀጠሮ ቢሰጡት ተመልሶ ይመጣል። ሦስተኛው ቀጠሮ ግን የመጨረሻው ነው፤ ያን ቀን ሳይቀመጥ ከተመለሰ፣ ማንም አፍ አውጥቶ ባይናገረውም፣ ልጅቷን ከልክለውናል ማለት ነው። አራተኛ የሚባል የለም። ይህን ይያዙልኝና ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. በእርዳታ ስልካችሁ ላይ ስላስቀመጣችሁልን ስለ ወንድዬ አመሰግናለሁ። እንዲህ ያለ ጨዋ ድምፅ በዚህ ቆላ አልሰማንም። ሽማግሌዎቹ፣ ማለትም ከሳንጃ የመጡት ጋሽ አዱኛና መምሬ ሰሎሞን፣ እንዲሁም ነጋዴው ሁሉ በቃላቸው የሚምልላቸው የመተማው ሐጅ ሐሚድ፣ መጀመሪያ የመጡ ቀን አቶ ደሴ በሠላማዊት ላፕቶፕ ላይ ብቅ ያሉት በአራት ማዕዘን ተቆራርጠው ነበር፤ ግንባራቸው በአንድ ወገን፣ አገጫቸው በሌላ ወገን። ወንድዬን ስንጠራው የኢንተርኔቱን መሣሪያ አጥፉት፣ ሠላሳ ቁጠሩ፣ መልሳችሁ አብሩት አለን። አጠፋን፣ ቆጠርን፣ አበራን። ሰባት ጊዜ። በስድስተኛው ሐጅ ሐሚድ በዐረብኛ፣ በሰባተኛው መምሬ በግእዝ ቆጠሩ፤ መስመራችሁ ግን በየትኛውም ቋንቋ አልመጣም። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ቀጠሮ ይዘው ተመለሱ።

፪ኛ. ጥፋቱ የእኛ መሆኑን ስላስረዳችሁን ምስጋናዬ የላቀ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ወንድዬ፣ በሉ ከመጀመሪያው እንጀምር ብሎ ካስጠፋና ካስበራ በኋላ፣ መሣሪያውን ከፍ ወዳለ ቦታ አውጡት አለን። አሥራ አንድ ኩንታል ሰሊጥ ደርድረን ከላዩ አስቀመጥነው፤ በዚህ ከተማ ከዚያ ከፍ ያለ ዙፋን የተሰጠው ባለሥልጣን የለም። ለውጥ ሲጠፋ፣ መስመሩን ሌላ ሰው እየተጠቀመባችሁ ይሆናል አለ። እውነቱን ነበር። ከአጥሩ ማዶ ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃምና ከወሎ የመጡ ሳሉጎች ሰፍረዋል፤ እነዚያ በየዓመቱ ለአጨዳ የሚወርዱልን የቀን ሠራተኞች። ሠላማዊት ለአንዱ ሚስቱ ወልዳለትና የልጁን ፎቶ ማየት ቸግሮት የይለፍ ቃሉን ሰጥታው ኖሯል፤ እሱ ደግሞ ወንድም አይጨክንምና ለሃያ ሁለቱም አዳረሰው። ነገሩን ሲሰሙ አንድም የተቆጣ የለም። ሃያ ሦስቱም ስልካቸውን አጥፍተው፣ እንዳላጭበረበሩ ይታይ ብለው የጨለመውን ስልክ ከአጥሩ በላይ ወደ ላይ ይዘው ቆሙ። አንዱ የጎጃም ሰው፣ አባትየው እሺ ካሉ ጮኻችሁ ንገሩን፣ ክንዳችን ደከመ ሲል ሰማሁት።

አቶ ደሴ ያን ቀን ጭራሽ አልታዩም። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ሃያ ሦስት ደሃ የልጁንና የእናቱን ፊት ትቶ የለቀቀላችሁን መንገድ ምን አደረጋችሁት? መልስዎን አልቸኩልም። ሽማግሌዎቹም አልቸኮሉም፤ ሦስተኛውን ቀጠሮ ይዘው ሄዱ።

፫ኛ. ስለ ማቀዝቀዝ የሰጣችሁን ምክር የሚከፍልልኝ እግዜር ነው።

የመጨረሻው ቀጠሮ ጥቅምት አጋማሽ፣ ቅዳሜ ነበር። የሳንጃዎቹ መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሌሎች ጋር በአጀብ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ለሳምንት መንገድ የለም። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ያስጮኸው ነበር። ወንድዬ፣ ከመጀመሪያው ጀምረን ከጨረስን በኋላ፣ መሣሪያው ግሎ ይሆናልና ይቀዝቅዝ አለ። በምን እንደሚቀዘቅዝ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም። የቆላ ሰው ነገር ማቀዝቀዝን ከማንም አይማርም። የውሃ ጀሪካን በእርጥብ ጆንያ ይጠቀለላል፣ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ይሰቀላል፣ በየጊዜው ውሃ ይርከፈከፍበታል። ጆንያውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ኃጢአቴን አልደብቅም። ሠላማዊት በወጉ መሠረት ጓዳ ገብታ ስለነበር ተዉ የሚለን የተማረ ሰው አጠገባችን አልነበረም። መሣሪያችሁን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከግቢው ኒም ዛፍ ላይ ሰቀልነው።

ክቡር ሆይ፣ ሠራ። በአራት ወር አንድ ቀን በወጉ ያልሠራው መስመር ሠራ። አቶ ደሴ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የእጃቸውን ግራሶ አጥበው፣ ልክ ላፕቶፑን ባሳረፍንበት በርሜል ላይ ራሳቸው የተቀመጡ ያህል ጥርት ብለው ታዩ። ጋሽ አዱኛ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከዘር ቆጠራ እስከ ምርቃት አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ጥያቄውን አቀረቡ። አቶ ደሴ እስከ መጨረሻው አዳመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ቀኝ እጃቸውን አነሱ፣ አፋቸውን ከፈቱ፤ እዚያው ቀሩ። ከግንባራቸው ላይ ያቺ ክብ ነገራችሁ መዞር ጀመረች።

ሃምሳ ደቂቃ ዞረች። ሐጅ ሐሚድ የተነሣው እጅ የምርቃት እጅ ነው ብለው ፈረዱ፤ መምሬ ደግሞ በቤተ ክህነት እንዲህ ያለው እጅ ቆይ፣ ተው ማለት ነው ብለው ተከራከሩ። ጋሽ አዱኛ ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ መምሬ የሚደገፉበት መቋሚያ አላቸው፣ እሳቸው ግን ምንም የላቸውም። ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ሲያዘዋውሩ አያለሁ። ትንሽ አረፍ ይበሉ ብላቸው፣ ልጄ፣ የዋኘውን ሚስት ይዤ ነው የምቀመጠው አሉኝ። ወንድዬ በስልክ የትኛው መብራት እንደሚበራ ጠየቀ። የሚበራ የለም፣ ከስሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ነው ስንለው፣ በዚያው በጨዋ ድምፁ፣ እንግዲህ አጥፍታችሁ አብሩት አለ።

በዚህ መሐል የሳንጃው መኪና ከመንገድ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለተኛም ነፋ። ጋሽ አዱኛ ወደ በሩ ዞር አሉ። ግቢው ውስጥ የነበርነው ሁሉ ያ መዞር ምን እንደሆነ እናውቃለን። ጓዳው በር ስር የሠላማዊት ነጠላ ጫፍ ይታያል፤ አይንቀሳቀስም።

ያኔ ወይዘሮ ትርሐስ መጥተው ከላፕቶፑ ፊት ቆሙ። ጋሽ አዱኛ እያፈሩ፣ «እመቤቴ፣ የአባት ቃል ካልሰማን» ብለው ጀመሩ።

«ስሙኝ ጋሽ አዱኛ» አሉ። «አባቷን ያስቆመው ሰው ይኸው አጥፉና አብሩ እያለ ነው። እኔ ግን እዚህ ነኝ፣ አልጠፋሁም። ወልጄ ያሳደግኋትን ልጅ እኔው ሰጥቻችኋለሁ። ተቀመጡ።»

በአካባቢያችን የእናት ቃል ብቻውን ሽማግሌ አስቀምጦ እንደሚያውቅ የሰማሁት የለም። ሦስቱም ተያዩ። መጀመሪያ ከዘራቸውን ያጋደሙት ሐጅ ሐሚድ ናቸው፤ ማዕሌሽ፣ ግድ የለም፣ ከቀረ ሰው ቃል የቆመ ሰው ቃል ይበልጣል ብለው ቁጭ አሉ። መምሬ ተከተሉ። ጋሽ አዱኛ በመጨረሻ በሁለት ሰው ተደግፈው ተቀመጡ፤ ወንበሩ ሲጥ ሲል የተሰማውን ያህል ደስ የሚል ድምፅ በቅርብ አልሰማሁም። ከአጥሩ ማዶ ሳሉጎቹ አፏጩ። ከጓዳው የተሰማውን ለእርስዎ አልነግርዎትም፤ የቤቱ ነው።

፬ኛ. ሽማግሌዎቹ በተቀመጡ በአሥራ አንደኛው ቀን «ያመለከቱት ችግር በተሳካ ሁኔታ ተፈቷል፤ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» የሚል አጭር መልእክት ለሠላማዊት ስለላካችሁላት አመሰግናለሁ። መሣሪያው በዚያ ሰዓት ኒሙ ላይ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በላይ በማመስገን አላደክምዎትም። የሰፈራችን ደንበኞች ባለፈው ቅዳሜ በወይዘሮ ትርሐስ ሱቅ ተሰብስበን፣ ሠላሳ አራት አባወራና እማወራ ሆነን፣ አንድ ነገር ተማምለናል፦ ከእንግዲህ አጥፍተን አናበራም። አንቆጥርም፣ ከፍ አናደርግም፣ ዝቅ አናደርግም፣ ድሃ ጎረቤታችንን ስልክህን ዝጋ አንልም። የእኛን ድርሻ ሠርተን ጨርሰናል። የቀረው የእርስዎ ድርሻ ነው፦ ከማቀዝቀዣው ስር ተነሥተው፣ በቀትር፣ በእግርዎ፣ ከቢሮዎ እስከ ሰፈራችን ያለውን መስመር ምሰሶ በምሰሶ ይዩት። ሦስተኛው ምሰሶ ከክረምት ጀምሮ ጋድሟል፤ ገመዱን አንዲት ግመል ትታከክበታለች። ይህን ለማወቅ ጀምበር ሳትጠልቅ የሚያልቅ እርምጃ ይበቃል። እስኪመጡ ድረስ በየሳምንቱ ሰኞ ሠላሳ አራታችንም ከበርዎ እንመጣለን፤ ደግሞም ስንመጣ አንቀመጥም። ዘበኛዎ ወንበር በመሳብ እንዳይለፉ ከወዲሁ ይንገሩልኝ።

ክቡርነትዎን ጤና፣ ዕድሜ፣ ጠንካራ ጉልበትና ሰፊ ጥላ እየተመኘሁ፣
በአራት መስመር ሲግናል ልክ ከፍ ካለ አክብሮት ጋር፣

ባየሽ አትክልት
ከገንዳ ውሃ

ማሳሰቢያ፦ ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት የሚኖር ዑበይዳ የሚባል ሽንኩርት ነጋዴ አለ፤ የድንበር ነዋሪ ወረቀት ስላለው በአህያ ይመላለሳል። ሽማግሌዎቹ በተቀመጡ በአምስተኛው ቀን ከአቶ ደሴ አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዞልን ደረሰ። «እጄን ያነሣሁት» ትላለች፣ «መልሱን ትርሐስ ትስጥ፣ እሷ ያለችው ይጽና ልል ነበር።» ሰርጉ ጥር ላይ ነው። ክቡርነትዎም ለዋናው መሥሪያ ቤትዎ የሚልኩት አስቸኳይ ጉዳይ ካለ ዑበይዳ ማክሰኞ ማክሰኞ ይገኛል፤ አህያዋ አንድ ጊዜ ከተነሣች እስክትደርስ አትቆምም።