የደጀኔ ዛፎች

ለውድ እናቴ፣

የኅዳር ብርድ እንዴት አደረገዎ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? ላሟ ወለደች ወይ? እኛ ቡሬ ላይ ደኅና ነን። ስልኩ እንቢ ስላለኝ ይህን በጎረቤትዎ በአድማሴ እጅ ልኬያለሁ፤ እሱ ያነብልዎታል።

እማ፣ ነገሩ የዛፉ ነው። ባለፈው መጥቼ የከሰል ዛፋችንን፣ ዲከረንሱን፣ አሁኑኑ እንቁረጠው ስልዎ፣ «አንቺ ነጋዴ፣ ዛፍ ስታዪ የሚታይሽ የከሰል ኬሻ ነው፤ ተካዩ ሳይመለስ መጥረቢያ አይገባበትም» ብለው መለሱኝ። ሳቅሁ እንጂ አልተቀየምሁም። ወንድሜ ደጀኔ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ሲወርድ «ስመለስ እኔው አከስለዋለሁ፤ ለሠርጌ ነው» ማለቱን አልረሳሁም። በየዓመቱ አንዱን ማሳ እያከሰልን ሌላውን ስንተክል፣ በችግኙ መሐል ጤፍ ስናገኝ፣ ይህ እንጀራ የማያልቅ መስሎን ነበር።

ዛፉን የያዘው በሽታ ግን ሰው አይጠብቅም። ቅጠሉ እንደ ዛገ ቆርቆሮ ከቀላ በኋላ ዛፉ እንደቆመ ይደርቃል። እንዲያ የደረቀ ዛፍ ከሰሉ ይፈረፈራል፤ የፍኖተ ሰላም ምግብ ቤቶች ኬሻው ውስጥ እጃቸውን ከትተው ይፈትሹና ይመልሱታል። የማውቃቸውን ነጋዴዎች ሁሉ ጠየቅሁ፤ ዛፉን በቁሙ የሚገዛ አንድ አላገኘሁም።

ሰው «እሷ መላ አታጣም» ይለኛል። አሁን አጥቻለሁ፣ እማ። ሱቁን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ደንበኛ የጨው ዋጋ ሲጠይቀኝ የስኳሩን እነግረዋለሁ።

ከደጀኔ ጋር የወረደው ሀብተሚካኤል ከመተማ ተመልሷል። ወደ መንደር ልግባ ቢለኝ ያቆየሁት እኔ ነኝ፤ ወባው ገና አለቀቀውም፣ ጥቂት ይረፍ ብዬ። ይዞት የመጣውን የደጀኔን ዕቃ ተቀብዬ አስቀምጫለሁ።

ቅዳሜ ማለዳ ከአጎቴ ከአስናቀውና ከንስሐ አባታችን ጋር እንመጣለን። ያን ቀን ገበያ አይውጡ። ዓርብ ማታ እኅትዎ ታንጉት እርስዎ ዘንድ ትደር፤ መልእክት ልኬባታለሁ።

ስለ ዛፉ ከእንግዲህ አልከራከርዎትም። የከሰሉ ነገር ይቅር። ከዳር ያሉትን ግን ዛሬውኑ ቆርጦ እንዲፈልጥ አድማሴን ለምኜዋለሁ፤ እንዳይከለክሉት። ለሽያጭ አይደለም። ከቅዳሜ ጀምሮ ቤታችን ሰው ይበዛበታል፤ ማገዶ ያስፈልገናል።

እመቤታችን ልብዎን ታጽናው፤ ከአጠገብዎ አትለይ።

ያለሁልዎ ልጅዎ