የቦይለሩ ዋስ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 12፣ 2011

ቦይለሩን ለኮስኩት። አንዴ አስነጠሰ፣ አንዴ አሳለ… በሦስተኛው ተነሣ። በጋውን ሙሉ ተኝቶ ከርሞ መነሣት ለማን ይቀላል?

ዛሬ እንቁጣጣሽ ነው። እዚህ ኖርዌይ፣ ሊንደበርግ ሰፈር ማን ያውቃል? ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ይዞ ወርዶ "ሄይ አበጋዝ" ብሎኝ አለፈ። እኔም ምድር ቤት ገብቼ የቦይለሩን ደብተር አወጣሁ። በየአዲስ ዓመቱ እንደማደርገው አዲስ ገጽ ገልጬ ጻፍኩ፦ "እግዚአብሔር ቢፈቅድ ዘንድሮ ከሃምሳ ሺህ ሊትር ናፍታ በታች።"

ሦስት ሕንጻ፣ ሃምሳ አራት ቤት፣ አንድ ቦይለር፣ አንድ ቫክትሜስተር። ቫክትሜስተሩ፣ የሕንጻዎቹ ጠባቂና ጠጋኝ፣ እኔ ነኝ። ጥሩ ቀን ነበር።

እሑድ፣ ኦክቶበር 9

ልጄ ቤቴል ከቸርች በኋላ ምሳ ልትበላ መጣች። የዩኒቨርሲቲ መመረቂያዋን ጽሑፍ ጀምራለች። ርዕሱን ስትነግረኝ ባለቤቴ ሮማነወርቅ ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ፤ ባሌ ዝም ብሎ ይሰማ ይሆን ብላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አባሎቹን በሕግ አስሯል። እስከ 2020 ድረስ እያንዳንዱ አገር ከሚጠቀመው ኃይል ይህን ያህሉ ከውሃ፣ ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከእንጨት… ከማያልቅ ነገር ይሁን ብሎ። ኖርዌይ ደግሞ አባል አይደለችም። ሕዝቡ ሁለቴ ተጠይቆ ሁለቴ ኔይ ብሏል። ታዲያ ሳትገባ ለምን በሰው ሕግ ትታሰራለች? ልጄ ይህን ልትመልስ ነው።

እኔ ይህማ የእኛ ቦሬትስላግ፣ የቤት ማኅበራችን ነው አልኳት። ላይኞቹ ጎረቤቶቻችን ዐሥር ሕንጻ ይዘው ተደራጅተዋል። እኛን ሁለቴ ተቀላቀሉን አሉን፣ ሁለቴ እምቢ አልን። ግን መንገዱም፣ የልጆች መጫወቻውም፣ የበረዶ መጥረጊያ ትራክተሩም አንድ ነው። ሕጉን የሚያወጡት እነሱ፣ የምንታዘዘው እኛ። ቤቴል ሳቀችና በስልኳ ጻፈችው።

መብራቱ ሁሉ እኮ ከውሃ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ፈልገው ነው? አልኩ።

"መብራት ብቻ አይደለም የሚቆጠረው ፓፓ። መኪናውም፣ ፋብሪካውም፣ ማሞቂያውም ነው። ቁጥሩን የሚያበላሸው ያንተ ቦይለር ነው፣ ኢከ ሳንት፣ አይደል?"

የእኔ ቦይለር! አኮረፍኩ። ሰላጣውን ግን በላሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 3

ኦድቫር ቦይለር ክፍል መጣ። የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነው፤ ጡረተኛ፣ ጥሩ ሰው፣ ጉረኛ። ላይኞቹ ራሳቸውን አስረዋል አለኝ። በ2015 መጨረሻ አንድ ጠብታ ናፍታ የለም ብለው በጉባኤ ወስነዋል። ድንጋዩን ሁለት መቶ ሜትር ወደ ታች ቆፍረው ሙቀት ሊያወጡ ነው። አባል ባትሆኑም ግቡን ተቀበሉና አብረን እናስቆፍር ብለውናል።

ከዚያ ጫማውን እያየ፣ ቦይለሩ ከሄደ ምናልባት የቫክትሜስተሩ ሥራ ግማሽ ቀን ሊሆን ይችላል አለ።

ግማሽ አበጋዝ። የትኛውን ግማሽ ነው የሚያስቀሩት? የላይኛው ያወራል፣ የታችኛው ደረጃ ይወጣል።

ቀለድኩ እንጂ ቀልድ አይደለም። ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ማን ይቀጥረኛል?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 20

ቤቴል ደወለች፣ ድምጿ ከፍ ብሏል። ትናንት የኃይሉ ስምምነት ተፈረመ። ኖርዌይ 67.5 በመቶ። ከአባሎቹ ሁሉ በላይ!

ግማሿ ነጥብ ምንድን ናት? አልኳት። ብዙ ተከራክረውባታል አለች። መርካቶ ይመስላል… የመጨረሻዋ ግማሽ ሁልጊዜ ታጣላለች።

ውጭ በረዶ ነው። ቦይለሩ እንደ በሬ እየጠጣ ነው።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 4፣ 2012

የተዋረድኩበት ቀን። ወይስ የበራልኝ?

ቤቴል ለጽሑፏ ምሳሌ ፈልጋ የቦይለሩን ደብተር ለመነችኝ። በኩራት ሰጠኋት። የዐሥራ አራት ክረምት ናፍታ በእጄ ተጽፏል፤ አንድ ቀን አልዘለልኩም። ፊደሉን በቸርች የልጆች ትምህርት ስለቆጠረች በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። ገለበጠች፣ ገለበጠች… ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰች።

"ፓፓ፣ ዐሥራ አራት ዓመት ያንኑ ነው የጻፍከው።"

አየሁት። በየእንቁጣጣሹ፦ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ዘንድሮ ከሃምሳ ሺህ በታች። በየዓመቱ መጨረሻ፦ ሃምሳ ስምንት ሺህ፣ ስልሳ አንድ፣ ሃምሳ ሰባት… አንድም ዓመት አልደረስኩም። በ2010 ብርዱ ከባድ ነበር አልኩ። በ2003ም ነበር። ለዐሥራ አራቱም ዓመት ምክንያት አለኝ።

ይህን ዕቅድ ማን ያውቅ ነበር? ብላ ጠየቀችኝ። ማንም። እኔና እግዚአብሔር። እግዚአብሔር ደግሞ ታጋሽ ነው፤ መጥቶ ስንት ደረሰ አይልም።

ያን ጊዜ አባቴ ይነግረኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ሰፈር ውስጥ አንዱ "አደርጋለሁ" ሲል ሽማግሌዎቹ "ዋስ ጥራ" ይሉታል። ወንድሜ አለ ካለ አይቀበሉትም። የቤትህ ሰው አንተኑ ነው፣ አብሮህ ያስተባብላል፤ ከውጭ ጥራ ነው የሚሉት። ዋስ ሊጣላህ የሚችል ሰው መሆን አለበት። ለቤቴል ይህንኑ ነገርኳት።

ጣቷን ከገጹ አነሣች። "ለዚህ ነዋ" አለች። "ኖርዌይ ለብቻዋ ቃል ብትገባ ምርጫ በመጣ ቁጥር ትለውጠዋለች። ጎረቤት ስታስገባበት ግን መጥቶ ይጠይቃታል።"

ሮማነወርቅ ከወጥ ቤት ሆና፣ መጽሐፉ ዋስ የሆነ ይጎዳል ነው የሚለው አለች። ለዋሱ ነው እንጂ ዋስ ለጠራው መቼ አለ? ብዬ መለስኩላት። ሳቅን።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ቀዝቃዛ ድንጋይ እንዴት ሙቀት ይሰጣል? ፍሪጅ አስብ ብላኝ ነበር ቤቴል። ፍሪጁን ከግድግዳ አውጥቼ እጄን ከኋላው አስገባሁ። ይሞቃል! ከውስጥ ቅዝቃዜ፣ ከኋላ ሙቀት። ልክ ናት።

ለጊዜው አልነግራትም።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 25

ጠቅላላ ጉባኤው ዛሬ ነበር።

ሃምሳ ያህል ሰው በስብሰባው አዳራሽ። የላይኞቹ ሊቀመንበር ቱሪድም በእንግድነት ተቀምጣለች። የ2015ን ግብ የተቃወመ የለም፤ ናፍታን የሚወድ የት ይገኛል? ጭቅጭቁ ማሰሪያው ላይ ነው። ኦድቫር ከዓመተ ምሕረቱ አጠገብ "በተቻለ መጠን" የሚል ይጨመር አለ። እኛ ነጻ ቦሬትስላግ ነን፣ ላይኞቹ አያስሩንም። ግማሹ አጨበጨበ።

ላም አለኝ በሰማይ! በተቻለ መጠን ማለት እኮ የእኔ ደብተር ማለት ነው።

ዝም ብል ሥራዬ ይተርፋል። ይህን አውቄዋለሁ፤ እዚህ ስጽፍም አልዋሽም። "በተቻለ መጠን" ከገባ ቦይለሩ እስከ ጡረታዬ ይነድ ነበር። አፌን ዘግቼ መቀመጥ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ተነሣሁ። በዐሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ደብተሩን ገልጬ ዐሥራ አራቱንም የአዲስ ዓመት መስመር ወደ ኖርዌይኛ እየመለስኩ አነበብኩ። በአራተኛው ሰው መሳቅ ጀመረ። በስምንተኛው እኔም ሳቅሁ። በዐሥራ አራተኛው ደብተሩን ዘጋሁ።

"ሰነፍ አይደለሁም፣ ታውቁኛላችሁ" አልኩ። "ግን ማንም ስላልጠየቀኝ ማንም አልተቀየመኝም። በአገሬ ቃል የሚገባ ሰው ከቤቱ ውጭ ዋስ ይጠራል። ቱሪድ የእኛ አይደለችም። ስለዚህ ዋሳችን ትሁን።"

አንዲት ሴትዮ፣ ቃሉ ቢፈርስ ዋሱ ምን ያደርጋል? አለች። ይከፍላል አልኩ። ቱሪድ ሳቀችና ከኪሷ ምንም እንደማይወጣ ነገረችን። በየዓመቱ ግን መጥታ እዚህ ሰው ፊት ስንት ሊትር ትላለች። ቀኑን ምረጥ ስትለኝ እንቁጣጣሽን ሰጠኋት።

29 ለ19። ያለ "በተቻለ መጠን"። ናፍታ በ2015 መጨረሻ ዜሮ።

ሲወጡ ኦድቫር ትከሻዬን ይዞ "የራስህን ወንበር በመጋዝ ቆረጥክ እኮ" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ፣ አዲሱን ማሽን የሚያስተዳድር ሰው ሰርቲፊኬት ያስፈልገዋል አለ። ማሽኑ ከመተከሉ በፊት ካገኘሁ ሥራው ሙሉ ሆኖ ይቀጥላል። ካላገኘሁ ግማሽ። ኮርሱ በኖርዌይኛ ነው፣ ፈተናው በጽሑፍ።

ምን አስነሣኝ?… ግን ደስ ብሎኛል። እውነት ለመናገር በጣም ደስ ብሎኛል።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 11፣ 2012

ቱሪድ መጣች። ቢጫ አበባ ይዛ! የአዲስ ዓመታችሁ አበባ ቢጫ መሆኑን ኢንተርኔት ላይ አየሁ አለች። ጎረቤት ደረጃው ላይ ቆሞ ይሰማል።

"ስንት ሊትር?"

አርባ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ።

ገና አልቆፈርንም። ቦይለሩም ያው ነው። ክረምቱ ቀለል ብሎ ረድቶኛል፤ እኔም ትጠይቀኛለች ብዬ ከሚያዝያ ጀምሮ የሚያፈስ ቧንቧ ስጠቀልል፣ የደረጃውን ማሞቂያ ስቀንስ ነው የከረምኩት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 20

ቤቴል ከተመረቀች ወዲህ አንድ የኃይል ጥናት ቢሮ ተቀጥራለች። ደውላ፣ በዚህ ሳምንት እነ ሰርቢያ፣ እነ ሞልዶቫ፣ እነ ዩክሬንም ግቡን ተቀበሉ አለችኝ። እነሱም ከኅብረቱ ውጭ ናቸው፣ የጎረቤቱን ሕግ ወስደው ታሰሩ። ዋስ ጠሩ በያ አልኩ። መሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ቃል በአማርኛው እንደምትጠቀምበት ነገረችኝ። አለቃዋ "ቫስ" ነው የሚለው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 22

ወደቅሁ። አርባ ጥያቄ፣ ሃያ ሦስት መለስኩ። ሠላሳ ነበር የሚፈለገው።

ለማንም አልናገርም ብዬ ነበር። ሮማነወርቅ ፊቴን አይታ አወቀች። ለእኔ ፈተናስ ዋሱ ማነው? አልኳት። እሷ እንዳትሆን የቤት ሰው ናት። ስልኩን አነሳችና በቸርቹ ያሉ መዘምራን ሁሉ ጋ ደወለች። ዐሥራ ስድስት ዋስ! እሑድ መግቢያው ላይ ተሰልፈው "ምዕራፍ ስንት ደረስክ?" ይሉኛል። ሴትዮዋ ጨካኝ ናት።

ሐሙስ፣ ማርች 14፣ 2013

ሠላሳ ስድስት ከአርባ።

ቲ-ባነው፣ የከተማው ባቡር ውስጥ ለብቻዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ቦታ ቀየረች።

ረቡዕ፣ ጁን 5

መቆፈሪያው መጣ። ግቢው ሁሉ ግራጫ ጭቃ ሆነ። ፍል ውሃ እስኪወጣ ነው የምጠብቀው አልኩት ኦድቫርን። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ከምድር ሌላ ምን ይጠብቃል? ሁለት መቶ ሃያ ሜትር ወርደው ያገኙት ሰባት ዲግሪ ብቻ ነው። ለእኔ ይበቃኛል። ፍሪጁን አይቻለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 11፣ 2014

ቦይለሩን ሐምሌ ላይ ቆርጠው ወሰዱት። ከግቡ ዓመት ተኩል ቀድመን። በሩ ስለጠበበ በአራት ቁራጭ ነው የወጣው። ትንሽ አለቀስኩ፤ ይጻፍ። ዐሥራ ስድስት ክረምት አብረን አስለናል።

ቦታው ላይ ነጩ የሙቀት ፓምፕ ቆሟል። አያስነጥስም፣ አያስልም። ሰርቲፊኬቴን ሮማነወርቅ በፍሬም አድርጋ ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ሥራው ሙሉ ነው። ሁለቱም ግማሽ አበጋዝ አለ።

ጠዋት አዲስ ደብተር ገዛሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ እጄ ልማዱን ሊጽፍ ተነሣ… ዘንድሮ ከሃምሳ ሺህ… ምን ልጽፍ? ቀኑን ጻፍኩ። ናፍታ፦ ዜሮ። ከሥሩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከሰዓት ቱሪድ መጣች፣ ቢጫ አበባዋን ይዛ። ምን የሚጠየቅ አለ? ለወጉ ነው ብዬ በሩን ከፈትኩ።

"ስንት ሊትር?"

ከሐምሌ ወዲህ ዜሮ አልኳት። ኦድቫርም፣ ደረጃው ላይ የነበሩትም አጨበጨቡ። እሷ ግን አላጨበጨበችም። አበባውን ይዛ ቆመች።

ላይኞቹ ጋ ሁለት ሕንጻ እስካሁን በናፍታ ነው አለችኝ። ኮሚቴዋ ዘንድሮም ምክንያት አግኝቷል፤ አምና ብርዱ፣ ዘንድሮ ኮንትራክተሩ። ምክንያት አውቃለሁ አልኳት፣ ዐሥራ አራት አለኝ፣ ላውስሽ?

"ሰዎቼ እኔን አይፈሩም፣ የቤታቸው ሰው ነኝ" አለች። "አንተ ግን የእኛ አይደለህም።"

ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ፤ ደስ ቢለኝም ሳቄን ያዝኩት።

ማክሰኞ ጉባኤ አላቸው። ሸሚዜን ሮማነወርቅ እየተኮሰች ነው። ሄጄ ሰው ፊት ቆሜ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ስንት ሊትር?