የሳፋው ዓሦች እና የእታፈራሁ ማሰሮ

ረቡዕ

ዛሬም አንዱ ጅራቱ ተቦጭቋል! ትናንት ቀዩ ነበር፣ ዛሬ ባለነጠብጣቡ። ዓሦቹን ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ካመጣኋቸው ገና ሦስት ቀናቸው ነው። አምስት ናቸው፤ ከአውራ ጣቴ አይበልጡም።

ጁስ ቤቴ፣ በመስታወት ገንዳው ካሉት ነባር ዓሦች ጋር አልቀላቀልኳቸውም። ባለፈው ቸኩዬ ቀላቅዬ በሳምንቱ ሁሉም አለቁብኝ። አሁን አዲሶቹ ጓዳ ውስጥ፣ በትልቅ ሳፋ ለብቻቸው ናቸው። በኮሮና ጊዜ እንደለመድነው ለይቶ ማቆያ እለዋለሁ። በሽታ ከሆነ አምስቱንም መድፋቴ ነው። አንጀቴ አይችልም።

የጠረጠርኳቸው፦
ሻጩ። «ጤነኞች ናቸው» ሲል ፊቴን እንኳ አላየም።
የቧንቧው ውሃ። ጎርፉ ከመጣ ወዲህ ደፍርሷል።
የጎረቤት ድመት። ግን ሳፋውን በወንፊት ከድኜዋለሁ።

ረቡዕ፣ ከሰዓት

አከራዬ እማማ ጥሩ ገብተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሸክላ ሠሪዋን ጓዳ ድረስ አስገብተሽ የለም? ዓይኗ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አሉ።

እታፈራሁን ማለታቸው ነው። ሰኞ ለዓሦቹ መደበቂያ የምትሆን ትንሽ ማሰሮ አምጥታልኝ፣ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ «እንዴት ያምራሉ!» ብላ ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም። ግን መቦጨቁ የጀመረው እሷ ከመጣች በኋላ ነው። ይህን መጻፌ ራሱ ያሳፍራል።

ሐሙስ

ሦስተኛውም ጅራቱ ተቦጨቀ።

ለጁሱ ማንጎ ልገዛ ሐሙሲት ገበያ ሄድኩ። እታፈራሁ ማሰሮዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ገና ከሩቅ ፈገግ አለችልኝ። እኔ ማንጎ የምመርጥ መስዬ አቀረቀርኩ፤ ከዚያ በሌላ በኩል ዞሬ ሄድኩ። ማንጎውንም ሳልገዛ።

አይታኛለች።

ዓርብ

ጠዋት አራተኛውም ተቦጭቆ አገኘሁት። ጁስ ቤቱን ዘግቼ ሳፋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሳላውቅ አልነሳም ብዬ።

ያዝኩት! ቢጫው ነው፣ ከሁሉም ትንሹ። ማሰሮዋ አፍ ላይ ቆሟል። ሌላው ወደዚያ ጠጋ ሲል ይወረወርበትና ጅራቱን ይነክሰዋል። ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ሳፋው ሙሉ ውሃ እያለ ለአምስት ዓሣ አንዲት መደበቂያ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ቀድሞ የያዛት አላስደርስ አለ። ያልተነከሰው እሱ ብቻ መሆኑን እንኳ አላስተዋልኩም! ሰው ስጠረጥር ዓሣውን ረሳሁት።

በሽታ አይደለም። እፎይ። ወዲያው ደግሞ ፊቴ ጋለ።

እታፈራሁ ጋ ደወልኩ፤ እንደዚያችው ያሉ አራት ማሰሮዎች እፈልጋለሁ አልኳት። «የተተኮሰ አለኝ፣ ሰኞ አመጣለሁ» አለች። ሌላ ጊዜ የቤቱን ሰው ሁሉ ደኅንነት ሳትጠይቅ ስልክ አትዘጋም ነበር።

ሰኞ

መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ!» አልኳት።

«ይቅርብኝ እህቴ፣ እዚሁ ይበቃኛል። ነገ ዓሦችሽ አንድ ነገር ቢሆኑ በእኔ ልታሳብቢ ነው።»

ማን ነገራት? እማማ ጥሩ? ወይስ የገበያው ሥራዬ በቂ ነበር?

«ቢጫው ነው እኮ የሚነክሳቸው» አልኩ። ይቅርታ በማለት ፈንታ ስለ ዓሣ አወራሁ! «እንኳን አወቅሽ» ብላ ማሰሮዎቹን ደፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ማሰሮዎቹን ሳፋው ውስጥ ከተትኳቸው። ቀትር ሳይሆን ሁሉም በየማሰሮው ገባ። ቢጫውም ከራሱ በር አልራቀም። ከጠዋት ጀምሮ ማንም ማንንም አልነከሰም።

ነገ እታፈራሁ ቤት እሄዳለሁ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ግቢ ትለኝ ይሆን?