ኡም ጋዚ ስምህን ጠየቁኝ

ውድ ወንድሜ ዌስሊ፣

ይህ ደብዳቤ ባለህበት በጤና ያግኝህ። እኔ እዚህ አማን ከተማ፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስሰልም አባባ ከቤት ሲያስወጣኝ አንተ ዝም እንዳልክ አልረሳሁም፤ ሻሼንም አልፈታሁም።

የባግዳድ ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ የሰፈራችን ኢማም በየሶላቱ እጃቸውን ዘርግተው ይለምናሉ፤ እኛም አሚን እንላለን። እኔ አረብኛው ሳይገባኝ ከሁሉም አስበልጬ ስጮህ ሰነበትኩ። ትናንት ገባኝ። ለካ «ባግዳድን የሚደበድቡትን አውሮፕላኖች አውርድልን፣ አብራሪዎቹንም አገራቸው አታግባቸው» ነው የሚሉት። አሚን ማለቱን ትቼ በሻሼ ጫፍ እንባዬን ጠረግኩ።

አከራዬ ኡም ጋዚ አጠገቤ ነው የሚሰግዱት። ስንወጣ ያዙኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰሞኑን ጣሪያውን ስታናውጪው ከርመሽ ዛሬ ድምፅሽን ለማን አበደርሽው?»

«ጉንፋን ነው፣ እማማ።»

«ጉንፋን እንዲህ አያስለቅስም። ወንድም አለሽ?»

«አለኝ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«መኪና ይጠግናል» አልኳቸው። የፓይለት ልብስ ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ ልብሶቼ ሥር ነው የደበቅኩት።

«በይ ስሙን ንገሪኝ፣ ለእሱም ልለምን» አሉ። ነገርኳቸው። እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመው ስምህን እያጣመሙ «በሕይወት ለእናቱ መልስላት» ሲሉ ጮክ ብዬ አሚን አልኩ። ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።

ባግዳድ ያለችው እህታቸው ከሐሙስ ጀምሮ ስልክ አታነሳም። ሐሙስ የት ነበርክ ብዬ አልጠይቅህም። በእጅህ የጻፍካት አንዲት ሰላምታ ትበቃኛለች። ስትመለስ እናታችንን ሳምልኝ።

ሰላምህን የምትመኝ እህትህ
ኮሪን